ውሃን በቅንጣት ስለ ማስላት፤ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ምን ይጠቅማል?

(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ በጥናት ቡድናችን ስም የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ልዩ ልዩ አስተያየት ደርሶናል። የሕግ ተማሪዎች «ቅንጣት ማለት ምን ማለት ነው?» አሉን፤ የፊዚክስ ተማሪዎች «ይህማ የኛ ትምህርት ነው» አሉ፤ የምሕንድስና ተማሪዎች ደግሞ «ፈተና ላይ ይመጣል ወይ?» ብለው ጠየቁን። ለመጀመሪያዎቹ ለሁለቱ መልስ ለመስጠት እንሞክራለን፤ ለሦስተኛው ግን ተስፋ አንሰጥም።

ነገሩን ከሩቅ አገር ከምናመጣው ከራሳችን ተራራ እንጀምረው። በሐምሌ ወር እንጦጦ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን የሚወድቁ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች ዕድላቸው ለየቅል ነው። በደቡብ በኩል የወደቀችው በከተማው ወንዞች አድርጋ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ትገባለች፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። በሰሜን በኩል የወደቀችው ግን ወደ ሱሉልታ ሜዳ ወርዳ፣ በሙገር በኩል ከዐባይ ጋር ትቀላቀልና፣ በመንገድ ተንና ወይም ተጠልፋ ካልቀረች፣ እስከ ሜዲቴራንያን ባሕር ትጓዛለች።

ይህን የውሃ አካሄድ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው እንደ ኬላ ጠባቂ መሆን ነው፤ ይኸውም ድልድይ ላይ ቆሞ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ በምን ፍጥነት አለፈ እያለ መቁጠር ነው። ሁለተኛው እንደ እረኛ መሆን ነው፤ ይኸውም ጠብታዋ በሄደችበት አብሮ መሄድ ነው። በመጻሕፍት ውስጥ የመጀመሪያው በኦይለር፣ ሁለተኛው በላግራንዥ ስም ይጠራል። (ሁለቱንም አጻጻፍ አስቀድሞ ያወጣው ኦይለር ነው፤ ነገር ግን ስም ሲከፋፈል ለላግራንዥም አንዱ ደረሰው።)

ብዙዎቻችን በክፍል የተማርነው የኬላ ጠባቂውን ሒሳብ ነው። መሬቱ በፍርግርግ ይከፈልና በያንዳንዱ ክፍል ድንበር ላይ ገቢና ወጪ ይመዘገባል። ይህ ሒሳብ በቧንቧና በቦይ ውስጥ፣ በዝግታም በሚሄድ ወንዝ ላይ በጣም መልካም ነው። ችግሩ የሚመጣው ውሃው ሲቆጣ ነው። ከግንብ ጋር ተጋጭቶ ወደ ላይ ሲረጭ፣ በአየር ላይ ተበታትኖ እንደ ገና ሲገናኝ፣ ቱቦ ሞልቶበት በመንገድ ላይ ሲዘል፣ ኬላ ጠባቂው የውሃው ፊት የት እንዳለ ይጠፋበታል። እረኛው ግን ከብቱ ቢበተንም ከብቱን ያውቃል። እያንዳንዷ ቅንጣት የራሷን ክብደት ተሸክማ ስለምትሄድ፣ ውሃው በስሌት መካከል ሊፈጠርም ሊጠፋም አይችልም።

ታሪኩን ባጭሩ እንናገር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1931 ሮዝንሄድ የተባለ የሒሳብ ሰው፣ ጎን ለጎን በተለያየ ፍጥነት የሚሄዱ ሁለት የፈሳሽ ንጣፎች ሲገናኙ የሚፈጠረውን ሽክርክሪት በጥቂት ነጥቦች ወክሎ፣ ኮምፒዩተር በሌለበት ዘመን በእጅ አሰላው። በ1950ዎቹ በአሜሪካ በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ሃርሎውና ጓደኞቹ ቅንጣቶችን በፍርግርግ ውስጥ የሚያስኬድ ዘዴ አወጡ። በ1977 ደግሞ ሉሲ በአንድ በኩል፣ ጊንጎልድና ሞናጋን በሌላ በኩል፣ ዛሬ ከሁሉ ይልቅ የታወቀውን ያለ ፍርግርግ የሚሠራ ዘዴ አሳተሙ። የሚገርመው፣ እነዚህ ሰዎች ያስቡ የነበረው ስለ ውሃ አልነበረም፤ ስለ ከዋክብት ነበር። ሞናጋን ዘዴውን ከሰማይ አውርዶ ማዕበልና የግድብ ውሃ ያሰላበት በ1994 ነው። በ1979 ከንዳልና ስትራክ ለጠጠርና ለአሸዋ፣ በ1996 ኮሺዙካና ኦካ በጃፓን ለማይታመቅ ፈሳሽ ያወጧቸው ዘዴዎችም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

አሠራሩ የሚፈራውን ያህል ከባድ አይደለም። ውሃውን በብዙ ሺህ ቅንጣቶች እንከፍለዋለን፤ ቅንጣት ስንል የውሃ ሞለኪውል ማለታችን አይደለም፤ የብርቱካን ወይም የአተር ያህል የሆነ ቁራጭ ውሃ ማለታችን ነው። እያንዳንዷ ቅንጣት በተወሰነ ርቀት ውስጥ ያሉትን ጎረቤቶቿን ትቆጥራለች። የቅርቡ ጎረቤት ብዙ፣ የሩቁ ጥቂት ይመዘናል፤ ከድንበሩ ውጭ ያለው ከቶ አይቆጠርም። ከዚህ ድምር እፍግታ ይገኛል። እፍግታው ከልኩ ካለፈ ግፊት ይፈጠርና ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። በዚህ ላይ የመሬት ስበት ይጨመራል፤ ፈጣኗ ቅንጣት ቀርፋፋዋን የምትጎትትበት የፈሳሹ ውፍረትም ይጨመራል። ከዚያ በኋላ የቀረው የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ብቻ ነው፤ በጣም አጭር በሆነ ጊዜ ሁሉም ቅንጣት ትንሽ ይራመዳል፤ ደግሞም እንደ ገና ጎረቤት ይቆጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ብልኃት አለ፤ ተማሪ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ድምፅ በእውነተኛ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይሄዳል። በዚህ ቁጥር ብንሠራ የርምጃችን ጊዜ እጅግ ስለሚያጥር ስሌቱ አያልቅም። ስለዚህ የድምፁ ፍጥነት ከውሃው ትልቁ ፍጥነት ዐሥር እጥፍ ብቻ እንዲሆን ይደረጋል። ይህ ከሆነ የእፍግታው ለውጥ ከመቶ አንድ እጅ አካባቢ ይቀራል። «ይህ ማጭበርበር አይደለም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ማጭበርበር ነው፤ ነገር ግን መጠኑ ታውቆ፣ ተጽፎና ለአንባቢ ተነግሮ የሚደረግ ነው። በሳይንስ ውስጥ ከዚህ የባሰ ብዙ አለ።

አሁን ወደ ከተሞቹ እንመለስ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከበው የሚገኙ ሲሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። በአስተዳደር አንድ ይሁኑ እንጂ በውሃ በኩል ሦስቱም ልዩ ልዩ ናቸው፤ የዛሬው ንግግራችን ዋና ሐሳብም እዚህ ላይ ነው። ያው አንድ ዘዴ ለሦስቱም አይሆንም። የትኛው ዘዴ ለየትኛው ቦታ እንደሚሆን ለይቶ የማይናገር ሰው፣ ኮምፒዩተሩ የቱንም ያህል ቢፈጥንለት፣ ውሃውን ገና አላየውም እንላለን።

ሱሉልታ ከእንጦጦ በስተጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። በክረምት ውሃው በመስኩ ላይ ይተኛል፤ አይቆጣም፤ አይዘልም፤ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ለምሳሌ ያህል 10 ኪሎ ሜትር በ5 ኪሎ ሜትር የሆነ መስክ 20 ሴንቲ ሜትር ውሃ ቢተኛበት 10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህን በ10 ሴንቲ ሜትር ቅንጣት እንከፋፍል ብንል 10 ቢሊዮን ቅንጣት ያስፈልገናል። ይህን ሁሉ ደክመንም ቢሆን ቁመቱ የሁለት ቅንጣት ብቻ ነው፤ በሁለት ቅንጣት ደግሞ ምንም ነገር አይታወቅም። ለሱሉልታ ሴን ቬናን በ1871 የጻፈው የጥልቀት የለሽ ውሃ ሒሳብ በፍርግርግ ቢሠራ ይበቃል። እረኛው እቤቱ ይቀመጥ፤ ኬላ ጠባቂው ይሥራ።

በቡራዩ በኩል የገፈርሳ ግድብ አለ። ከለገዳዲ በፊት ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ሲሰጥ የኖረ፣ በትንሹ አቃቂ ራስ ላይ የተሠራ ግድብ ነው። ትንሹ አቃቂ ከዚያ ወርዶ በከተማው ምዕራባዊ ሰፈሮች በኩል ያልፍና ወደ አባ ሳሙኤል ይሄዳል። የኩሬው ውሃ ራሱ ጸጥ ያለ ስለ ሆነ የቅንጣት ዘዴ አያስፈልገውም። ነገር ግን ትርፍ ውሃ በማንኛውም ግድብ የማስተንፈሻ መውረጃ ላይ ሲወርድ፣ አረፋ ሲያነሣና ከግርጌው ያለውን ድንጋይ ሲመታ ያለው ጉዳይ ለእረኛው የተፈጠረ ነው። በአውሮፓና በጃፓን ዘዴው ብዙ የተሠራበትም በዚህና በባሕር ሞገድ መከላከያ ላይ ነው።

ከሦስቱ ይልቅ ግን ልባችንን የሳበው ሰበታ ነው። ሰበታ የተቀመጠው በወጨጫ ተራራ ግርጌ ነው፤ ተራራው ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ከተማው ከጫፉ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። ከዚያ የሚወርድ ጅረት በበጋ እግር የማያርስ ሊሆን ይችላል፤ በነሐሴ ግን ከአንድ ብርቱ ዝናብ በኋላ ድንጋይ፣ ጭቃ፣ ቅርንጫፍና የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል። የመንገድ ቱቦ ከፊቱ ይጠብቀዋል። ቱቦው ሲሠራ የታሰበው ንጹሕ ውሃ ያልፍበታል ተብሎ ነው። የጭድ ክምር የሚያህል ጥራጊ አፉን ሲዘጋው ውሃው የሚሄድበትን መንገድ ማንም መሐንዲስ በሥዕሉ ላይ አላሰፈረውም፤ የሚያውቁት የታችኛው ሰፈር ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ ሒሳቡን በግልጥ እናድርገው። ርዝመቱ 200 ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሜትር፣ የጎርፉ ጥልቀት 1 ሜትር የሆነ የጅረት ክፍል እንውሰድ። ይህ 800 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። በ10 ሴንቲ ሜትር ቅንጣት ሲከፈል 800,000 ቅንጣት ይሆናል። ውሃው በሰከንድ 4 ሜትር ቢሄድ፣ ከላይ በነገርናችሁ ብልኃት የድምፁን ፍጥነት 40 ሜትር እናደርጋለን፤ በዚህም ምክንያት አንዱን ሰከንድ ከ1,300 ጊዜ በላይ መቁረጥ ግድ ይሆናል። ዐሥር ደቂቃ ጎርፍ ለማየት 800,000 ርምጃ ያስፈልጋል ማለት ነው። እያንዳንዷ ቅንጣት አንድ መቶ ያህል ጎረቤት ብትቆጥር ጠቅላላው 64 ትሪሊዮን ቆጠራ ነው። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን የሚቆጥር መሣሪያ ቢገኝ 18 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ቅንጣቷን ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ብናሳንሳት የቅንጣቱ ቁጥር ስምንት እጥፍ፣ የርምጃው ቁጥር ሁለት እጥፍ ስለሚሆን ሥራው 16 ጊዜ ይበዛና 12 ቀን ያህል ይፈጃል።

ይህ የሚያስፈራ አይደለም። ልጆች ለጨዋታ የሚገዙት የኮምፒዩተር ሥዕል ካርድ ለዚህ ሥራ የተመቸ ሆኖ ተገኝቷል። የስሌቱ ፕሮግራምም ቢሆን በነጻ ይገኛል፤ በስፔን የቪጎ፣ በእንግሊዝ የማንቸስተር ዩኒቨርስቲዎች ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው የሠሩት ዱዋልስፊዚክስ የሚባለው ምንጩ ሳይደበቅ ለሁሉም ተሰጥቷል። እኛን የሚያስቸግረን 18 ሰዓት ሙሉ መብራት ሳይጠፋ ማግኘት ነው፤ ለእርሱም በየሰዓቱ ውጤቱን እያስቀመጡ መሥራት መድኀኒት ይሆናል። ስለዚህ «አገራችን ለዚህ ገና ናት» የሚለውን አነጋገር አንቀበልም።

ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? የጎደለው መሬቱ ነው። ጅረቱን በኮምፒዩተር ውስጥ ለማስቀመጥ የመሬቱ ከፍታ መታወቅ አለበት። በነጻ ከሚገኙት የከፍታ ካርታዎች አንዱ በ2000 በአሜሪካ መንኰራኩር የተለካው ነው፤ አንዱ ካሬ 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው። በዚያ ካሬ ውስጥ 4 ሜትር ስፋት ያለው ጅረት ከሁለቱ ዳርቻዎቹና ከአጠገቡ ቤቶች ጋር አንድ ቁጥር ብቻ ሆኖ ይገኛል። ስሕተቱም ብዙ ሜትር ይደርሳል፤ ጎርፉ ራሱ ግን አንድ ሜትር ነው! የዝናቡም ነገር እንደዚሁ ነው። በብዙ ጣቢያ የዝናብ መለኪያው የሚነበበው በቀን አንድ ጊዜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አርባ ደቂቃ ጥሎ ሰፈር ያጥለቀለቀ ዝናብ፣ ሙሉ ቀን ሲያካፋ ከዋለ ዝናብ ጋር በመዝገብ ላይ አንድ ሊሆን ይችላል።

ይህን የምንናገረው ለማማረር አይደለም። ምክንያታችን ሌላ ነው። የቅንጣት ዘዴ ከሌሎች ዘዴዎች ሁሉ የተለየ አንድ አደጋ አለው፤ ይኸውም ማማሩ ነው። በፊልም ላይ የምናየው የባሕር ማዕበልና የሚፈርስ ግድብ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በዚሁ ቤተሰብ ዘዴ ነው። የፊልም ሠሪው ጥያቄ «ውሃ ይመስላል ወይ?» የሚል ነው፤ ከመሰለ ሥራው አለቀ። የኛ ጥያቄ ግን «ውሃው ማን ቤት ይገባል?» የሚል ነው። ሰማያዊ ቅንጣቶች በግድግዳ ላይ ሲንጠባጠቡ ያየ ባለሥልጣን «ሳይንስ ይህን አለ» ብሎ ይነሣል። ከዚያ በኋላ የአንዱ ቤት «የጎርፍ መንገድ ላይ ነው» ተብሎ ይፈርሳል፤ ወይም ከላይ ያለው ሰው የሠራው የድንጋይ ግንብ ውሃውን ወደ ጎረቤቱ መግፋቱ ሳይታይ ይቀራል። ከፍታው ከ30 ሜትር ካሬ ተወስዶ፣ ዝናቡ ተገምቶ፣ ቱቦው ክፍት ነው ተብሎ የተሠራ ሥዕል ማንንም ሊያስፈርድበት አይገባም። የሕግ ተማሪዎች ጓደኞቻችን፣ እናንተን የሚመለከታችሁ እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሥዕል ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ ከዛሬ ጀምሮ አስቡበት።

ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለንም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በድሬዳዋ ሌሊት የመጣው የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ አዲስ አበባ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ወገኖቻችን ሞተዋል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰው ቀብሯል፤ ከሞቱትም ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ። ቆሼና ጎፋ ውሃ አይደሉም፤ ጠጣር ነገር ሆኖ ቆይቶ በድንገት እንደ ፈሳሽ የሚሄድ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ለማስላት የቅንጣት ዘዴዎች ዛሬ በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራባቸው ናቸው። ይህን ትምህርት ለሌላ ሰው የምንተውበት ምክንያት አይታየንም።

አንድ ስሌት እውነት መሆኑ በምን ይታወቃል? ጥንታዊው ፈተና የውሃ ዐምድ ነው። በመስታወት ሳጥን ውስጥ በአንድ በኩል ውሃ ይገደብና መዝጊያው በድንገት ይነሣል፤ ውሃው እየሮጠ ይወጣል። ሪተር በ1892 እንዳሳየው፣ ግጭት ባይኖር የውሃው ግንባር ፍጥነት በስበትና በቁመቱ ብዜት ካሬ ሥር ሁለት እጥፍ ነው፤ ለ30 ሴንቲ ሜትር ውሃ በሰከንድ 3.4 ሜትር ይሆናል። እውነተኛው ውሃ ከወለሉ ጋር ስለሚታገል ከዚህ ይዘገያል። ማርቲንና ሞይስ በ1952 የለኩት ውጤት እስከ ዛሬ ድረስ የአዲስ ፕሮግራም ሁሉ መፈተኛ ሆኖ ይኖራል። እኛም ይህንኑ በመስታወት ሳጥንና በስልክ ካሜራ ሠርተነዋል። በሰከንድ 30 ሥዕል የሚያነሣ ካሜራ እንኳን ግንባሩ ከሥዕል ወደ ሥዕል ስንት ሴንቲ ሜትር እንደ ተራመደ በማስመሪያ ለመለካት ያስችላል። ዋጋው የመስታወቱና የማጣበቂያው ብቻ ነው፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ ቢሠራው ደስ ይለናል።

ለሰበታ ጅረት ግን መፈተኛው ሳጥን አይደለም፤ ግድግዳ ነው። ጎርፍ ባለፈበት ቤት ግድግዳ ላይ የጭቃው መስመር ይቀራል። ቀለም ቢቀባም እማማ የት ድረስ እንደ ነበረ በእጃቸው ያሳያሉ፤ «ያን ዓመት አልጋው ተንሳፈፈ» ይላሉ። ያ መስመር ከሜትር መለኪያ ጋር ሲመዘገብ ከማንኛውም የሳተላይት ቁጥር የበለጠ ለኛ ይጠቅማል። የኛ ስሌት ያን መስመር ካላገኘ፣ ስሕተቱ የእማማ ነው ብለን አንከራከርም።

ስለዚህ ቡድናችን ሁለት ነገር ወስኗል። የመጀመሪያው፣ ማንኛውም የኛ ሥዕል ከቡድኑ ሲወጣ አንድ ገጽ ተያይዞት ይወጣል፤ በዚያም ገጽ ላይ ከፍታው በማን እጅ እንደ ተለካ፣ ዝናቡ ከየት እንደ መጣ፣ ቅንጣቷ ምን ያህል እንደ ሆነች፣ ቱቦው ክፍት ወይም ዝግ ተደርጎ እንደ ተሰላ፣ በየትኛውም የግድግዳ ምልክት እንደ ተፈተነ ይጻፋል። ያ ገጽ የሌለው ሥዕል የኛ አይደለም። ይህን ደንብ ሌሎችም ቡድኖች ቢከተሉት እንወዳለን፤ መምህራኖቻችንም በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ቢያስገድዱን ቅር አንሰኝም።

ሁለተኛው፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት በሚያዝያና በግንቦት ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድን አንድ ጅረት በእግራችን እንለካለን። የምንጀምረው ከሰበታ ነው፤ ጊዜ ከተረፈ ወደ ቡራዩ እንሻገራለን፤ በሱሉልታ ከውሃ መተኛ መስኩ ላይ የጥልቀት ምልክት እንጨቶችን ተክለን መመለስ ይበቃናል። ሌቭሉን ከትምህርት ክፍሉ ለመዋስ ጠይቀናል፤ መለኪያ ዘንጉ በእጃችን ነው። በየአምስት ሜትሩ የጅረቱን አግድም ቅርጽ መለካት፣ የቱቦዎቹን አፍ በሜትር መያዝ፣ የግድግዳ ምልክቶችን ከባለቤቶቹ ጠይቆ መመዝገብ ነው ሥራው። ከሁሉ ይልቅ የምንፈልገው ኦሮምኛ የሚናገሩ ጓደኞች ናቸው፤ ሽማግሌዎቹ ጅረቱን የሚያውቁት በኦሮምኛ ስሙ ነውና፣ በአስተርጓሚ የተጠየቀ ጎርፍ ሁልጊዜ ግማሹ ይቀራል።

ስም የሚመዘገበው በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እስከ ዐርብ ማታ ነው። የምሳ ወጪ በየራሳችን ነው። ቦት ጫማ ያለው ይዞ ይምጣ።